ማሽኑ የማይጠይቀው ጥያቄ፦ የሻርኮ ዓይንና የሕመምተኛው አንደበት

በኦሃዮ ግዛት መዲና በኮሎምበስ፣ ሾርት ኖርዝ የተባለውን ሰፈር አቋርጦ የሚያልፈው ሃይ ስትሪት ማታ ማታ ከላዩ በተዘረጉ የብረት ቅስቶች ይደምቃል። የሥዕል አዳራሾችና ምግብ ቤቶች በግራና በቀኝ ተደርድረውበታል፤ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሥዕል ለማየት የሚወጣው ሕዝብ የእግረኛ መንገዱን ይሞላዋል። የቅስቶቹ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘማቾች ማኅበር ታላቅ ጉባኤውን በኮሎምበስ ባካሄደ ጊዜ፣ ከተማዋ እንግዶቿን ለመቀበል በጋዝ ፋኖስ የሚበሩ የእንጨት ቅስቶችን በጎዳናዋ ላይ አቆመች። ዛሬ የሚታዩት የብረት ቅስቶች የእነዚያ መታሰቢያ ናቸው።

በእነዚያ ቅስቶች ሥር ካለፉት አረጋውያን ዘማቾች መካከል ጥይት ነርቫቸውን የበጠሰባቸው፣ የተቆረጠ እጃቸው ያለ ይመስል የሚያቃጥላቸው እንደነበሩ መገመት አያዳግትም። አሜሪካዊው ሐኪም ሳይላስ ዌር ሚቸልና ባልደረቦቹ ጦርነቱ ሳያበቃ፣ በ1864፣ በጥይት ስለሚጎዱ ነርቮች መጽሐፍ ያሳተሙት እንዲህ ያሉ ሰዎችን እያዩ ነበር። በ1888 ደግሞ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ፣ በፓሪስ፣ ሌላ ሐኪም ማክሰኞ ማክሰኞ በተማሪዎቻቸው ፊት ሕመምተኞችን እየመረመሩ የዘመናዊውን የነርቭ ሕክምና መሠረት ይጥሉ ነበር። እኚህ ሰው ዣን-ማርታን ሻርኮ ናቸው።

የሻርኮ ትምህርት ዛሬ ለኮሎምበስ ኢትዮጵያውያንም ሆነ ለአገር ቤት ወገኖቻቸው ከታሪክ ያለፈ ትርጉም አለው። ከሻርኮ ሥራ ግማሹን ማሽን ተረክቦታል። ሌላው ግማሽ ግን አሁንም በሕመምተኛውና በቤተሰቡ አንደበት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያ አንደበት በእፍረት ሲዘጋ፣ ቴክኖሎጂ በተትረፈረፈበት ከተማ ውስጥ እንኳ በሽታ ስሙን ሳያገኝ ይቀራል።

የሠረገላ ሠሪው ልጅ

ሻርኮ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1825 በፓሪስ ነው። አባታቸው ሠረገላ ሠሪ ነበሩ። የሕክምና ትምህርታቸውን በዚያው ከተማ ተከታትለው፣ በ1853 የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሪህና በቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም ልዩነት ላይ አቀረቡ። በ1862 ሳልፔትሪዬር በተባለው ሆስፒታል ዋና ሐኪም ሆነው ተሾሙ።

ሳልፔትሪዬር በዚያን ጊዜ ሐኪሞች የሚመኙት የሥራ ቦታ አልነበረም። ስሙ እንደሚያመለክተው ቀድሞ የባሩድ ቅመም ይዘጋጅበት የነበረ ስፍራ ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ድሆች መጠለያነት ተለወጠ። ሻርኮ ሲገቡበት በሺህ የሚቆጠሩ ድሃ፣ አረጋውያንና ሕሙማን ሴቶች የሚኖሩበት፣ ሌላው ሐኪም ቶሎ ወጥቶ ወደ ተሻለ ቦታ ለመዛወር የሚቸኩልበት ግቢ ነበር። ሻርኮ ግን ሌሎች የተጣሉ ሰዎች ማደሪያ አድርገው ያዩትን ስፍራ ማንም ገልጦ ያላነበበው ቤተ መጻሕፍት አድርገው ወሰዱት። የሚንቀጠቀጡ፣ የሚወድቁ፣ እግራቸው የደረቀ፣ ምላሳቸው የተሳሰረ ሰዎች በአንድ ስያሜ ተጠቅልለው ነበር፤ እሳቸው አንዱን ከሌላው ለመለየት ተነሡ።

የሠሩበት ዘዴ ሁለት ክንፎች አሉት። የመጀመሪያው በሕይወት ያለውን ሕመምተኛ ለዓመታት መከታተልና ምልክቱን መመዝገብ ነው። ሁለተኛው ሕመምተኛው ሲሞት አንጎሉንና ኅብለ ሰረሰሩን በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ ያ ምልክት ከየትኛው የተጎዳ ክፍል እንደመጣ ማረጋገጥ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ በሽታው ስምና አድራሻ ያገኛል።

በ1868 ሻርኮ መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለውን በሽታ ከሌሎች ለይተው በግልጽ ያስረዱት በዚህ መንገድ ነው። ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነገር ታሪክ አለ። እጇ የሚንቀጠቀጥ የቤት ሠራተኛ ቀጥረው፣ ሳህንና ብርጭቆ እየሰበረች ብታስቸግርም ሕመሟን ለመከታተል ሲሉ ለዓመታት አላሰናበቷትም ይባላል። ከሞተች በኋላ የተደረገው ምርመራ በሽታዋ በመጀመሪያ የገመቱት ሳይሆን መልቲፕል ስክለሮሲስ መሆኑን አሳያቸው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 የገለጹት የመንቀጥቀጥ ሕመም ዛሬ በእሳቸው ስም እንዲጠራ ሐሳብ ያቀረቡትም ሻርኮ ናቸው። በፓርኪንሰን ሕመም እጅ የሚንቀጠቀጠው ሥራ ሲፈታ ሲሆን፣ በመልቲፕል ስክለሮሲስ ግን አንድ ነገር ለማንሳት በሚዘረጋበት ጊዜ ነው። ይህንን ልዩነት ለተማሪዎቻቸው ለማሳየት ሕመምተኞቻቸው ረጅም ላባ የተሰካበት ባርኔጣ እንዲያደርጉ ያደርጉ ነበር፤ የላባው አረጋገብ ዓይን ያላስተዋለውን እንቅስቃሴ አጉልቶ ያወጣዋል። የፓርኪንሰን ሕሙማን በባቡር ወይም በሠረገላ ረጅም መንገድ ከተጓዙ በኋላ ቀለል እንደሚላቸው ሲነግሯቸው ደግሞ፣ የጉዞውን ንዝረት የሚመስል የሚንቀጠቀጥ ወንበር አሠሩ። የወንበሩ ሐሳብ የፈለቀው ከሕመምተኞቹ ንግግር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በ1869 ከዦፍሯ ጋር፣ በ1874 ደግሞ ስያሜውን ሰጥተው ያስተዋወቁት የእንቅስቃሴ ነርቮችን እያከሰመ ጡንቻን የሚያመነምን በሽታ በፈረንሳይ እስከ ዛሬ የሻርኮ በሽታ ይባላል። አሜሪካውያን በ1939 በሽታው እንዳለበት በተነገረው የቤዝቦል ተጫዋች ስም፣ የሉ ጌሪግ በሽታ ይሉታል። በ1882 የፈረንሳይ መንግሥት በነርቭ ሥርዓት በሽታዎች ላይ የሚያተኩር፣ በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለትን የፕሮፌሰርነት ወንበር አቋቁሞ ለሻርኮ ሰጠ።

ጓያን የማያውቅ ማሽን

ዛሬ የሻርኮን ሁለተኛ ክንፍ ለመጠቀም የሕመምተኛውን ሞት መጠበቅ አያስፈልግም። የኤም.አር.አይ. ማሽን በጠንካራ ማግኔትና በሬድዮ ሞገድ በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ ያለውን ጠባሳ በደቂቃዎች ያሳያል። ከሾርት ኖርዝ በስተሰሜን በአጭር ርቀት ላይ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይገኛል። ሻርኮ ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት የኖሩት መሣሪያ ከሰፈሩ ነዋሪ ደጃፍ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በልጅነቱ በሰሜን ወሎ ደጋ ያደገ፣ ዛሬ በኮሎምበስ የሚኖር አንድ ጎልማሳ አለ እንበል። እግሮቹ እንደ እንጨት ደርቀዋል፤ ሲራመድ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፣ ተረከዙ መሬት አይነካም። ስሜቱ አልደነዘዘም፤ አእምሮውም ብሩህ ነው። ሐኪሙ መልቲፕል ስክለሮሲስን ይጠረጥራል፤ ምስሉ ግን ጠባሳ አያሳይም። የሻርኮን በሽታ ይጠረጥራል፤ እሱ ግን እየተባባሰ የሚሄድ ነው፣ የዚህ ሰው ሕመም ደግሞ ለዓመታት ባለበት ቆሟል። ታዲያ ምንድን ነው?

የአገሩ ሰው መልሱን በአንድ ቃል ይናገራል፦ ጓያ። ጓያ በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ የሚዘራ፣ ድርቅንም ውኃ መተኛትንም የሚቋቋም ጥራጥሬ ነው። ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ አይከዳም፤ በዚህም የተነሣ በችግር ዘመን የድሃው ብቸኛ ቀለብ ይሆናል። በውስጡ ግን ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሱትን ነርቮች የሚጎዳ መርዛማ ንጥረ ነገር አለ። አልፎ አልፎና ከሌላ እህል ጋር ሲበላ የጎላ ጉዳት ባያመጣም፣ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ያደርቃል፤ የደረቀውን እግር የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደላንታ ዳውንት የተከሰተው ወረርሽኝ በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ለዓለም ተዘግቧል።

በጓያ የሚጎዳው የነርቭ መስመርና ሻርኮ በስማቸው በሚጠራው በሽታ በኅብለ ሰረሰር ጎን ሲጠነክር ያዩት መስመር አንድ ነው። በዚህ የተነሣ ሁለቱን ለማምታታት ቅርብ ናቸው። ውጤታቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው፤ አንዱ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለሞት ያደርሳል፣ ሌላው ግን ሰውየውን አካል ጉዳተኛ ቢያደርገውም ዕድሜውን አያሳጥርበትም። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል የሚሻገረው “በልጅነትህ፣ በድርቁ ጊዜ፣ ምን ትበሉ ነበር?” የሚል ጥያቄ ነው። ማሽን ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ኦሃዮ የተማረ ሐኪምም ሊጠይቀው አይችል ይሆናል፤ ጓያን አያውቀውምና። የሚያውቀው ሕመምተኛው ነው። እሱ ደግሞ ጓያ በልቶ ማደግን የድህነት ምልክት አድርጎ ካየው ዝም ይላል።

ከቡታጅራ የመጣ ምስክርነት

ዝምታው የሚያስከፍለውን ዋጋ በቁጥር ያሳዩት የኢትዮጵያ የነርቭ ሕክምና ፈር ቀዳጅ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። ከላይ በተጠቀሰው የላንሴት ጽሑፍ ላይም ስማቸው አለ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት በመሄድ 60,820 ነዋሪዎችን የሸፈነ የነርቭ በሽታዎች ጥናት አካሄዱ። ሻርኮ ሕሙማን በአንድ ግቢ ተሰብስበው ጠበቋቸው፤ የኢትዮጵያው ቡድን ግን ወደ እያንዳንዱ ጎጆ መሄድ ነበረበት፤ ሕሙማኑ ያሉት በጓዳ ውስጥ ነበርና።

ጥናቱ 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አገኘ፤ ይህም ከ1,000 ሰዎች 5.2 ያህል ማለት ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የታወቀ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ባህላዊ መድኃኒት፣ ወደ ጸበልና ወደ ክታብ ነው። በአገራችን በብዙ ስፍራ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማሽተት የተለመደ ነው፤ በሽታው በንክኪ ይተላለፋል ብለው የሚሸሹም አሉ። ሰው እሳት ዳር ወድቆ እየተቃጠለ የሚያነሣው የሚጠፋበት ጊዜ አለ። የሚጥል በሽታ ግን በንክኪ አይተላለፍም፤ የአንጎል የኤሌክትሪክ ሥርዓት ለጥቂት ጊዜ ሲታወክ የሚከሰት ነው። ከሕሙማኑ አብዛኞቹ ደግሞ ርካሽ በሆኑ መድኃኒቶች ሊታገሥላቸው ይችላል። ጸበሉን ሳይተው መድኃኒቱንም የሚወስድ ሰው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ማስገደድ አስፈላጊ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ የሚያሠለጥን ፕሮግራም ተጀመረ። ከዚያ በፊት በዘርፉ ለመሠልጠን ወደ ውጭ መሄድ ግድ ነበር። ዛሬ ቁጥራቸው አድጓል፤ ለአገሪቱ ሕዝብ ብዛት ግን አሁንም እጅግ ጥቂት ናቸው። በአገር ቤት የሚናገረው ሕመምተኛ ሞልቶ ሰሚው ሐኪም ጥቂት ሲሆን፣ በኮሎምበስ ሐኪሙ ተቀምጦ ሕመምተኛው ይደብቃል። በሁለቱም ቦታ የሻርኮ ሥራ በግማሽ ይቀራል።

ማየት ብቻውን ሲያሳስት

ሻርኮን ከስሕተት የጸዱ አድርጎ ማቅረብ ታሪክን መበደል ይሆናል። በኋለኛው ዘመናቸው ሂስቴሪያ ተብሎ የሚጠራውን፣ በአካል ላይ ጉዳት ሳይታይ ሰውን ሽባ የሚያደርግና የሚያንፈራግጥ ሕመም በሰፊው አጥንተዋል። ሕመሙ የሴቶች ብቻ አለመሆኑን፣ ወንዶችንም እንደሚይዝ ማሳየታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ሆኖም በሂፕኖቲዝም ሕመሙን በአዳራሽ ፊት ሲቀሰቅሱ፣ ሕሙማኑ ሐኪሙ የሚጠብቀውን ነገር መልሰው እያሳዩ መሆኑን አላስተዋሉም። አንድሬ ብሩዬ በ1887 የሣሉት ታዋቂ ሥዕል ይህንኑ ትዕይንት ይዟል፦ ብላንሽ ዊትማን የተባለችው ሕመምተኛ ራሷን ስታ ወደ ኋላ ተዘርግታለች፤ ሻርኮ ያስረዳሉ፤ ወንዶች የሞሉበት አዳራሽ ያያታል። በሥዕሉ ውስጥ ሁሉም ያያል፤ እሷን የሚጠይቅ ግን የለም።

ከ1885 መጨረሻ እስከ 1886 መጀመሪያ በሻርኮ ዘንድ የተማረው ወጣት ሲግመንድ ፍሮይድ በኋላ መምህሩን በዋናነት የማየት ሰው አድርጎ ገልጿቸዋል። ፍሮይድ ወደ ቪየና ተመልሶ ሕሙማንን ማዳመጥ ጀመረ። የፍሮይድ ትምህርት በራሱ ብዙ ክርክር ያስነሣል፤ የአቅጣጫው ለውጥ ግን ትክክል ነበር። የሻርኮ ተማሪ ጆሴፍ ባቢንስኪ የመምህሩን የሂስቴሪያ ትምህርት በከፊል አፍርሶ፣ በ1896 ግን በሻርኮ መንፈስ፣ የእግርን ጫማ በመጫር ብቻ የነርቭ ጉዳትን የሚለይ ምርመራ ለዓለም አበረከተ። ዛሬም ያ ምርመራ በየሆስፒታሉ ይሠራል፤ የጓያ ሕመምተኛም እግር ምልክቱን ያሳያል። ይሁን እንጂ የጫማው ምልክት መስመሩ መጎዳቱን እንጂ ምን እንደጎዳው አይናገርም።

ቤተሰብ እንደ ሐኪም ዓይን

“ጥፋቱ የሕመምተኛው ብቻ ነውን?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አይደለም። የአሜሪካ የሕክምና ቀጠሮ አጭር ነው፤ ሐኪሙ ከሕመምተኛው ፊት ይልቅ የኮምፒውተሩን ገጽ ሊያይ ይችላል። ሻርኮ ለአንዲት ሴት የሰጡትን የዓመታት ጊዜ ማንም ክሊኒክ አይሰጥም። የቋንቋ አጥርም አለ። የሚጥል በሽታ እንዳለበት ቢናገር መንጃ ፈቃዱን ወይም ሥራውን የሚያጣ የሚመስለው ሰው ስጋቱ ከንቱ ነው ሊባል አይችልም። ነገር ግን መሪ ይዞ መውደቅ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሕመሙ በመድኃኒት ጸጥ ያለለት ሰው ደግሞ በሐኪሙ ክትትል ወደ መኪናው የሚመለስበት ዕድል አለው።

በመሆኑም ሥርዓቱ እስኪሻሻል ድረስ በእጅ ያለውን መጠቀም ይበጃል። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ለሕመምተኛው በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአሥር ዓመት ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ ይዞ መሄድ ግን አባትን ዝም ያሰኛል። በልጁ ፊት “ጓያ በልቼ ነው ያደግሁት” ወይም “እህቴ ትወድቅ ነበር” የሚል አባት ጥቂት ነው። አማርኛ የሚያውቅ ባለሙያ አስተርጓሚ ይቅረብልን ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር ሳይሆን መብት ነው።

ሻርኮ በሆስፒታላቸው የፎቶግራፍ ክፍል አቋቁመው፣ አልበርት ሎንድ የተባለ ባለሙያ የሕሙማንን እንቅስቃሴ በተከታታይ እንዲያነሣ አድርገው ነበር። ዛሬ ያ መሣሪያ በየሰው ኪስ ውስጥ አለ። ወድቆ የሚንፈራገጥን ሰው ከአደጋ አርቆ፣ በጎኑ አስተኝቶ፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳይከቱና ክብሪት ሳይጭሩ፣ ሌላ ሰው በስልክ ቢቀርጸውና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ቢመዘግብ፣ ያ ቪዲዮ ለሐኪሙ ከብዙ ቃል ይበልጣል። መናወጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ካሜራውን ትቶ ድንገተኛ እርዳታ መጥራት ነው። የእናት አረማመድ ከዓምናው ተለውጦ እንደሆነ፣ የአባት እጅ ሥራ ሲፈታ ወይስ ጽዋ ሲያነሣ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ከማንም ይልቅ የሚያየው አብሮ የሚኖር ቤተሰብ ነው።

በሾርት ኖርዝ ጎን ጉዴል ፓርክ የተባለ መናፈሻ አለ። መሬቱን እ.ኤ.አ. በ1851 ለከተማዋ የሰጡት ሊንከን ጉዴል የተባሉ ሐኪም ናቸው፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ወታደሮች ሠልጥነውበታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ አረጋዊ አባቱን ይዞ በዚያ የሚንሸራሸር ልጅ የአባቱን እርምጃ ማየትና ስለ ልጅነታቸው መጠየቅ ይችላል። በድርቁ ዘመን ምን ይበሉ እንደነበር፣ ከዘመድ ማን ይወድቅ እንደነበር፣ አያት እጃቸው ይንቀጠቀጥ እንደነበር። የተሰማውን በወረቀት ጽፎ ለሚቀጥለው ቀጠሮ መያዝ ብዙ ድካም የለውም።

ሻርኮ እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1893 ሲያርፉ ለብዙ በሽታዎች መድኃኒት አልተዉም፤ ስም ግን ትተዋል። ስም ያገኘ በሽታ እርግማን መሆኑ ያበቃና መጠየቅ፣ መመርመር፣ መታከም ይጀምራል። አባት በአማርኛ “ጓያ” ብለው የሚተነፍሱት ቃል በአስተርጓሚ በኩል ወደ ሐኪሙ ማስታወሻ ሲገባ፣ ሻርኮ ከመቶ ዓመት በፊት በጅምር የተዉት ሥራ በዚያ ክፍል ውስጥ ይሟላል።